ያቺ ትንሽ ቱቦ፦ ስቴሮይድ ቶሎ የሚያሽለው ለምንድን ነው? ቆይቶስ ምን ያስከፍላል?

ባለፈው ሰሞን መገናኛ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኳን አወጣችና ለባለሙያው አሳየችው።

«ዶክተር፣ ይቺ አለች?»

ፎቶው ላይ ተጨምቆ ተጨምቆ ጫፉ የተጠቀለለ የቅባት ቱቦ ይታያል። ባለሙያው አየት አደረገና «ለምንሽ ነው?» አላት።

«ለፊቴ። ጓደኛዬ ሰጥታኝ በሦስት ቀን ነው ያጠፋልኝ። ስተወው ግን ብሶ መጣ።»

«እስካሁን ስንት ጨረስሽ?»

«ይሄ አራተኛዬ ይሆናል።»

አልሸጠላትም። የቆዳ ሐኪም እንድታይ ሊያስረዳት ሞከረ። ፊቷ ከቅድሙ ይልቅ ቀላ። «እሺ፣ ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ» ብላ ወጣች። እውነቷን ነው፣ ታገኘዋለች።

ተራዬ ሲደርስ የቅባቱን ስም ጠየቅኩት። ክሎቤታሶል ነው። ለቆዳ ከሚሠሩት ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛው ደረጃ ላይ የሚመደብ። ከዚያች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ፦ «በሦስት ቀን አጠፋልኝ»፣ «ስተወው ብሶ መጣ»፣ «አራተኛዬ»። የዚህ መድኃኒት ታሪክ በሙሉ እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

ቤተሰቡን እናስተዋውቅ። ፕሬድኒሶሎን ክኒኑ፣ ጤና ባለሙያዎች «ዴክሳ» እያሉ የሚያቆላምጡት ዴክሳሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ለአስም የሚሳበው ቤክሎሜታሶን። ክኒን ይሁን መርፌ፣ ቅባት ይሁን የዓይን ጠብታ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የቤተሰቡ ስም ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላል። ጂም ቤት ውስጥ ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰደው ስቴሮይድ ሌላ ነው። እሱ የወንዴ ሆርሞን ዘመድ ነው፣ እዚህ አያገባንም።

ነገሩን ለመረዳት ከራሳችን ሰውነት መጀመር ይሻላል። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አድሬናል ይባላሉ። ከሚያመርቷቸው ሆርሞኖች አንዱ ኮርቲሶል ነው። ጠዋት ስንነቃ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ስንታመም፣ ስንደነግጥ፣ አደጋ ሲደርስብን ደግሞ ብዙ ይለቀቃል። ስኳርን ከጉበት ወደ ደም ያስወጣል፣ የደም ግፊት እንዳይወርድ ይይዛል፣ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል።

ቁጣ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። እኛም «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ ማመም። ይህን የሚያደርገው ራሱ የሰውነታችን ዘብ ነው፣ ጠላት ገባ ብሎ። ችግሩ ዘቡ አንዳንዴ ጠላት በሌለበት ይተኩሳል። አስም ላይ የአየር ቧንቧውን፣ ሉፐስ የሚባለው በሽታ ላይ ኩላሊትና መገጣጠሚያውን፣ ችፌ ላይ ቆዳውን።

ስቴሮይድ የኮርቲሶል ግልባጭ ነው። ብዙውን ጊዜም ከራሱ ከኮርቲሶል ይበረታል። ወደ ሴል ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና እዚያ የሚጠብቀውን ተቀባይ ይይዛል። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው የጂኖቹ መዝገብ ወዳለበት ወደ ኒውክለሱ ይዘልቃሉ። እዚያ ደርሰው ቁጣን የሚያባብሱ ኬሚካሎችን የሚያመርቱትን ጂኖች ዝም ያሰኛሉ፣ የሚያበርዱትን ያስነሳሉ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ከእነዚህ ኬሚካሎች ጥቂቶቹን ብቻ ሲያግድ ይሄ የብዙዎቹን ምርት ከምንጩ ይቆርጣል። ትእዛዙ በጂን በኩል ስለሚያልፍ ሰዓታት ይወስዳል። ለዚህ ነው አንድ ሰው በአለርጂ ጉሮሮው አብጦ ሲያጣጥር መጀመሪያ መወጋት ያለበት አድሬናሊን የሚሆነው። ዴክሳ ከኋላ ይከተላል እንጂ እሱን ተክቶ ነፍስ አያተርፍም።

አሁን ዋናው ነጥብ ጋ ደረስን። ያ ተቀባይ ያለው የታመመው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። አጥንት ውስጥ አለ፣ ጉበት ውስጥ አለ፣ ዓይን ውስጥ አለ፣ አንጎል ውስጥ አለ። ክኒኑን የዋጥከው ለጉልበትህ ቢሆንም ትእዛዙ ለሁሉም ይደርሳል። የጎንዮሽ ጉዳት የምንለው ከመድኃኒቱ ጥቅም የተለየ ነገር አይደለም። ያው ሥራ ነው፣ ያልተጠራበት ቦታ ሲሠራ።

የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም የመገጣጠሚያ ቁጣ አልጋ ላይ ላስቀራት የ29 ዓመት ሴት የኮርቲሶልን የቅርብ ዘመድ ኮርቲሶንን ወጋት። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ሐኪሞቹ ራሳቸው ማመን አቃታቸው። በ1950 ሄንች ሆርሞኑን ካወጡት ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው! ብዙም ሳይቆይ ግን የታካሚዎች ፊት እየከበበ፣ ስሜታቸው እየተረበሸ፣ አጥንታቸው እየሳሳ መጣ። ሲያቆሙት ደግሞ በሽታው ተመልሶ ይነሳል። የልጅቷ ቱቦ ዛሬ የሚነግረንን ነገር ሄንችና ባልደረቦቹ ያኔውኑ አይተውታል።

መድኃኒቱን ለማንኳሰስ ግን አልተነሳሁም። ዘነበወርቅ ሄዶ አለርት ሆስፒታልን ያየ ሰው ስቴሮይድን አይሳደብም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት አለ፣ በነጻም ይሰጣል። ነገር ግን ባክቴሪያው እየሞተ እያለ ዘቡ ድንገት የሚቆጣበት ጊዜ አለ፣ አንዳንዴም ሕክምናው ካለቀ በኋላ። ቁጣው ነርቭ ላይ ይወርዳል። ክርን አጠገብ ያለው ነርቭ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ሲያብጥ መሄጃ የለውም። ራሱን በራሱ ያንቃል። ትናንት ሲኒ ያነሳ የነበረ ሰው ዛሬ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ያኔ ፕሬድኒሶሎን በጊዜ ከተጀመረና ለወራት ቀስ እየተባለ ከተቀነሰ ያ እጅ የመትረፍ ዕድል አለው። ካልተጀመረ እጁ እንደታጠፈ ይቀራል። የሥጋ ደዌን ስናስብ በዓይናችን የሚመጣው ያ የታጠፈ ጣት በብዙው የነርቭ ጉዳት ነው።

ያው ሆስፒታል ሌላኛውንም ገጽ አሳይቷል። ከሥጋ ደዌ ቁጣዎች አንዱ እየተመላለሰ የሚያስቸግር ነው፣ ታካሚዎቹም ስቴሮይዱን ለረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአለርት ታካሚዎች ጥናት በእነዚህ ሰዎች ላይ የታየውን ሞት መርምሮ የረጅም ጊዜ ስቴሮይድ እጅ ሳይኖርበት እንደማይቀር ጠቁሟል። እጅን የሚያተርፈውና ሰውን የሚያሳጣው አንድ ክኒን ነው። ልዩነቱ መጠኑ፣ ርዝመቱና የሚከታተለው ሰው መኖሩ ነው።

ምጥ ያለጊዜዋ የመጣባት እናትም ዴክሳ ይሰጣታል። 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ አራት ጊዜ። መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የሕፃኑን ሳንባ ቶሎ ያበስላል፣ ሲወለድ ራሱ እንዲተነፍስ። በጥቂት ብር መርፌ እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ኮቪድንም እናስታውስ። ሰኔ 2012 ላይ የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ውጤት ወጣ። በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳ እስከ 10 ቀን ሲሰጥ፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መካከል ሞት በሲሶ ቀነሰ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ደግሞ በአምስት አንድ ያህል። የኛም ጤና ሚኒስቴር ወዲያው ለጽኑ ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ። ከዜናው ግን ብዙ ሰው ጆሮ ያልደረሰ አንድ መስመር ነበር፦ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ምንም ጥቅም አልተገኘበትም። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። በሽታው ሲጀምር ዘቡ ከቫይረሱ ጋር እየተዋጋ ነው፣ ያኔ እጁን ማሰር ለጠላት ማገዝ ነው። ሳምንት አልፎ ዘቡ ራሱ ሳንባውን ማቃጠል ሲጀምር ነው እጁን መያዝ የሚጠቅመው። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ግን ገና ጉሮሯቸው ሲከረክራቸው ዴክሳ ይውጡ ነበር።

የምንፈራውና የማንፈራው ነገር መገለባበጡ ነው የሚደንቀኝ። አስም ያለበት ሰው «ፓፍ ጀምር» ሲባል ዘመድ ሁሉ ይንጫጫል። «ይለመዳል!» «አንዴ ከጀመርክ ሞትህን ነው!» ስለዚህ ሰማያዊውን፣ ቧንቧ ከፋቹን ሳልቡታሞል ብቻ በኪሱ ይዞ ሲብስበት ይነፋል። ስቴሮይድ ያለበትን፣ በየቀኑ ተወስዶ ቁጣውን ከሥሩ የሚያበርደውን ፓፍ ይሸሸዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይገባና 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይታዘዝለታል። ፓፉ የሚለካው በማይክሮግራም ነው፣ ማለትም በሚሊግራም ሺኛ። በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚሄድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ በቂ ጥንቃቄ ነው፣ አለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊበቅል ይችላል። ሱስም አይደለም። ስታቆመው አስሙ የሚመለሰው አስሙ ስላልጠፋ ነው። ከፓፍ የሚሸሸው ያው ሰው ታዲያ መርፌ ሲወጋ ወይም ቅባት ሲገዛ አንድም ጥያቄ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። ሰውነታችን በቀን የሚያመርተው ኮርቲሶል በፕሬድኒሶሎን ሲመነዘር 5 ሚሊግራም አካባቢ ነው። 40 ሚሊግራም የሚውጥ ሰው እንግዲህ ስምንት እጥፍ እየወሰደ ነው። ለአምስት ወይ ለሰባት ቀን ከሆነ አብዛኛው ሰው ብዙ ሳይጎዳ ያልፈዋል። እንቅልፍ ያሳጣል፣ ለዚህ ነው ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚዋጠው። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። አንዳንዱን ያስቀብጣል፣ አንዳንዱን ያስቆጣል፣ ጥቂቱን ደግሞ እስከ መቃዠት ያደርሳል። ስኳር ያለበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ልኬቱ ሲሰቀል ያየዋል። ከዳይክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ከተደረበ ጨጓራ ሊደማ ይችላል። በሁለቱም አንድ ላይ መታከም ደግሞ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም።

ወራት ሲሄድ ነው ሌላው የሚመጣው። ጡንቻ ይከሳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ዳሌ ላይ ያለው የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ደም ግፊት ይወጣል። የልጆች ቁመት ይዘገያል። ቆዳ እንደ ወረቀት ይሳሳና ትንሽ ነካ ሲያደርገው ይበልዛል። ስብ ከእጅና ከእግር ለቆ ፊት ላይ፣ ማጅራት ላይ፣ ሆድ ላይ ይቀመጣል።

ይሄ የፊት ነገር ደግሞ እኛ ጋ የተለየ መዘዝ አለው። ፊቱ የሞላ ሰው ስናይ ምን እንላለን? «ተመስገን፣ ተስማማህ! መልክህ ተመለሰ!» የታካሚው እናት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ትማጸናለች፣ ልጇ ወፍሯላታ። እጆቹ ግን ቀጥነዋል፣ ከመቀመጫ ሲነሳ ወንበር ይደገፋል። ሱዳንና ኮንጎ ውስጥ ለመወፈር ሲሉ ብቻ ዴክሳሜታሶን የሚውጡ ሴቶች መኖራቸው የታወቀ ነገር ነው። «የሚያወፍር ክኒን» የሚባል ነገር ያለ ስምና ያለ ማሸጊያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተሰጠህ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብህ ይህንኑ ነው።

ዓይን ላይ የሚደርሰው ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ዓይኑን ሲያክ የሚውል ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። አቧራና ፀሐይ ይብስበታል፣ ይቀላል፣ ያለቅሳል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሲደረግለት በማግስቱ ዓይኑ ነጭ ይሆናል። ቤተሰቡ ጠርሙሱን ይይዝና ባለቀ ቁጥር ተመሳሳዩን ይገዛል። ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ጠብታው ከሰነበተ የዓይን ግፊት ከፍ ይላል። ግፊቱ አያምም። ልጁ ደግሞ ጎን ጎኑ እንደጠፋበት አያውቅም፣ ትምህርት ቤት ግድግዳ ሲጋጭ «ደንባራ» ይባላል። ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ በግላኮማ፣ ማለትም በዚህ ግፊት፣ የሞተ የዓይን ነርቭ ግን አይመለስም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የዓይን ግፊት መለካት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

ዘቡ ሲተኛ ተኝተው የነበሩ ይነሳሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያንቀላፋ ቲቢ ሊነቃ ይችላል። ሌላም አለ፣ ብዙ የማይወራለት። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ከአፈር በባዶ እግር የሚገባ ትል ነው። ሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል፣ ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው። ስቴሮይድ ሲጀመር ያለ ልክ ይራባና ከአንጀት ወጥቶ ሳንባና ሌላ አካል ድረስ ይዛመታል፣ ይገድላልም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለምትኖሩ ይሄ ከማንም በላይ ይመለከታችኋል። እዚያ ያለው ሐኪም ይህን ትል በሥራ ዘመኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ከሃያ ዓመት በፊት የመጡ አባታችሁ ፕሬድኒሶሎን ሊጀመርላቸው ከሆነ ገጠር እንዳደጉ፣ በባዶ እግር እንደሄዱ፣ ቲቢ ነክቷቸው ያውቅ እንደሆነ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። ትሉ በደም ምርመራ ሊታወቅ ይችላል፣ ማጥፊያውም አይቨርሜክቲን ነው።

የማቆሙ ጉዳይስ? ከውጭ ሆርሞን ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ አድሬናልን ማዘዝ ያቆማል። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ዕጢው ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል። በዚህ መሀል ክኒኑ በአንዴ ከተቋረጠ ሰውየው ከውስጥም ከውጭም ሆርሞን የለውም። ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት ይከተላል። ሐኪሙ መጠኑን በየሳምንቱ እየሸረፈ የሚቀንሰው ዕጢው እስኪነቃ ጊዜ ለመስጠት ነው። እኛ ጋ ክኒኑ በብዙ መንገድ ይቋረጣል። ከገበያ ይጠፋል። ሰው «ተሽሎኛል» ይላል። ጠበል ሲገባ ክኒኑን ቤት ትቶ ይሄዳል። ጠበሉን መጠመቅ ይቻላል፣ ክኒኑን ግን ቦርሳ ውስጥ ይዞ መሄድ ነው። ጾመኛ ከሆኑም የሚዋጥበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል እንጂ ዝም ብሎ መዝለል አይሆንም። ወራት የወሰደ ሰው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሲገባ ወይም ክፉኛ ሲታመም ይህንኑ መናገር አለበት። ያኔ ሰውነቱ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ዕጢው ግን መስጠት ላይችል ይችላል።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ እንመለስ። የፊት ቆዳ ስስ ነው፣ ቅባት ቶሎ ይመጥጣል። ክሎቤታሶል መጀመሪያ የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ መቅላቱን ያጠፋል፣ ቆዳውንም ፈካ ያደርጋል። ብዙዎች የሚፈልጉት ይህን የመጨረሻውን ነው፣ ለማጥራት። ስር ያለው ፈንገስ ከሆነ ደግሞ ይደበቃል እንጂ አይሞትም፣ መልኩን ቀይሮ ይሰፋል፣ ሐኪምም ያሳስታል። ሳምንታት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ይወጣሉ፣ አፍ ዙሪያ ሽፍታ ይነሳል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ሲቆም ታፍነው የቆዩት የደም ሥሮች በአንዴ ይከፈታሉ፣ ፊት እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ያቃጥላል። እሷ ይህን «በሽታው ብሶ መጣ» ብላ ነው የተረዳችው፣ ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚረዳው። መድኃኒቱ ደግሞ በተቀባችው ማግስት «አየሽ፣ አሻልኩሽ» ይላታል።

ለባለሙያው ከፍዬ ልወጣ ስል «እዚህ ቀርቶ የትም ብትሄድ አትሰማም» አለኝ። በፊቱ ግን ማዘን ይታያል። አሁን አንድ የቆዳ ሐኪም ጋ ብትቀርብ ምናልባት ደካማውን ስቴሮይድ ለጥቂት ጊዜ ሰጥቶ እየቀነሰ ያስተዋታል፣ ወይም ጨርሶ አስቁሞ ሌላ ዓይነት ቅባትና የሚዋጥ መድኃኒት ያዝላታል። በየትኛውም መንገድ ፊቷ ከመሻሉ በፊት ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት ይብስባታል። ሠርግ ትቀራለች፣ ሥራ ቦታ «ምን ነካሽ?» ትባላለች። ይህን አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው ከሌለ በአሥረኛው ቀን አምስተኛውን ቱቦ ትገዛለች።